«ይሄ ጉድጓድ ምንም አይነግረንም»

የመሬት ሙቀት መከታተል ሥራችሁ ከሆነ ይቺን ገጠመኝ ስሙኝ። ቦታው ቻይና፣ ቺሊያን ተራሮች ላይ ነው፤ የሄይሄ ወንዝ የሚነሳበት። ሄይሄ ባሕር አይደርስም። ከተራራው ወርዶ በረሃ ዳር ያለውን እርሻ ያጠጣና በረሃው ውስጥ ይቀራል። ላይ ያለው መሬት የሚሆነው ነገር ታች ላለው ገበሬ የውሃ ጉዳይ ነው።

ያ መሬት በብዛት ፐርማፍሮስት ነው፤ ቢያንስ ለ2 ተከታታይ ዓመታት ከ0 ዲግሪ በላይ ያልወጣ መሬት ማለት ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ በየጥልቀቱ ሴንሰር ያለው ኬብል ይወርድበታል፣ መመዝገቢያው ሳጥን ሙቀቱን ሲለቅም ይከርማል።

አንድ የበጀት ስብሰባ ላይ አንዱ ጉድጓድ ይዘጋ ተባለ። ከፍታው ላይ ያለው ቀዝቃዛ ጉድጓድ ግራፉ ከዓመት ዓመት ሽቅብ ይላል። ዝቅ ያለው ግን -0.1 አካባቢ ቀጥ ብሎ ተኝቷል። አንድ ወጣት ባልደረባችን «ወይ ሴንሰሩ ሞቷል ወይ መሬቱ አልሞቀም፤ ይሄ ጉድጓድ ምንም አይነግረንም» አለ። ሁሉም ሊስማማ ምንም አልቀረውም።

ከመስክ ቴክኒሻኖቹ አንጋፋዋ ግን «መሞቱን በምን አወቅህ?» አሉት። ኬብሉ ወጣ። የተጣራ ውሃ በረዶ ተፈጭቶ፣ ከተጣራ ውሃ ጋር ቴርሞስ ውስጥ ገብቶ፣ ሴንሰሮቹ እዚያ ተነከሩ። እንዲህ ያለ ድብልቅ 0 ዲግሪ ላይ ስለሚቆም ሴንሰር አይዋሽበትም። ሁሉም ደህና ነበሩ፤ ስህተታቸው በመቶኛ ዲግሪ የሚቆጠር ነው።

ቀጥለው አማካዩን ትተው የየጥልቀቱን የዓመቱን ከፍተኛ ሙቀት እንድናወጣ ጠየቁ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠው። በፊት ዓመቱን ሙሉ በረዶ የነበረው የ2 ሜትሩ ሴንሰር መጸው ላይ ከ0 በላይ መውጣት ጀምሯል፣ ከዚያ ደግሞ ከሥሩ ያለው ተከተለ። መሬቱ ከላይ ወደ ታች እየቀለጠ ነበር!

ታዲያ መስመሩ ለምን ቀጥ አለ? 1 ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎጁል ያህል ይፈጃል። ያው ሙቀት የቀለጠውን ውሃ ወደ 80 ዲግሪ ባደረሰው ነበር። ከላይ የሚገባው ሙቀት በማቅለጡ ያልቃል እንጂ ቴርሞሜትሩን አያንቀሳቅስም፤ በረዶው ተሟጦ እስኪያልቅ ድረስ። ቀዝቃዛው ጉድጓድ ገና የሚቀልጥ ስለሌለው ሙቀቱ በዲግሪ ይታያል።

በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ከ2007 እስከ 2016 ፐርማፍሮስት በአማካይ 0.29 ዲግሪ፣ የተራራው ደግሞ 0.19 ዲግሪ እንደሞቀ አሳይቷል። ትልቅ ሥራ ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን እንደኛ ያለ ጉድጓድ በዲግሪ ብቻ ሲለካ ምንም ያልደረሰበት ይመስላል፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

ጉድጓዱ አልተዘጋም። ሪፖርታችን አሁን ከሙቀቱ ጎን ለቅልጠቱ ጥልቀት የራሱ ዓምድ አለው፤ የመስክ ጉዟችንም ከነሐሴ ወደ መስከረም መጨረሻ ተገፍቷል፣ ቅልጠቱ ጥግ የሚደርሰው ያኔ ነውና።