ከባነሩ ጀርባ የቀረችው 1

ፋይሉ ንጹሕ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ የሚያናድደኝም እሱ ነውና።

እኛ ማተሚያ ቤት በየቀኑ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። ከቢዝነስ ካርድ ላይ በስልክ የተነሳ ሎጎ። ስክሪንሾት ፒዲኤፍ ውስጥ ተከትቶ «ቬክተር ነው፣ ቢያሳድጉት አይደበዝዝም» የሚባልለት። ፎንቱ አብሮ ስላልተላከ ሲከፈት አማርኛው ሁሉ ባዶ ሳጥን የሚሆን። ይሄ ግን በ1 ለ10 ስኬል የተሠራ ነው፣ 32 በ60 ሴንቲ። ፎቶዎቹ 1000 ዲፒአይ ናቸው፣ በአንድ ኢንች 1000 ነጥብ ማለት ነው፤ በሙሉ መጠኑ ሲወጣ 100 ይሆናል፣ ከሕንፃ ላይ ለሚሰቀል ባነር ይተርፋል። ጽሑፉ በሙሉ ወደ ከርቭ፣ ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ፣ ተቀይሯል። ከለሩ ሲኤምዋይኬ ነው፣ የማተሚያ አራቱ ቀለሞች። ጥቁሩ እንኳ ባዶ ኬ፣ ማለትም ጥቁር ቀለም ብቻ፣ አይደለም፣ ሌሎቹ ቀለሞች ከሥሩ አሉበት። እንዲህ ዓይነት ፋይል ሲመጣ ሰው ያመሰግናል። እኔም አመስግኜ ነበር።

ችግሩ ጠርዙ ላይ ነው። ዲዛይነሩ አስቀድሞ የምናትምበትን ሮል ስፋት ጠይቆን ነበር። 3.2 ሜትር አልነው። እሱም 3.2 ሜትር አድርጎ ሠራው፤ አንድ ሴንቲ እንኳ አላስተረፈም። 6 ሜትር ወደ ታች የሚወርድ ባነር ደግሞ ጠርዙ ሳይታጠፍ አይሰቀልም። በግራም በቀኝም 5 ሴንቲ ወደ ኋላ ታጥፎ በሙቅ አየር ይጣበቃል፤ በየ50 ሴንቲው የመስቀያው ቀለበት የሚመታው እጥፉ ላይ ነው። ነጠላው ላይ ብንመታው የመጀመሪያው ደህና ንፋስ ቀለበቱን ቦጭቆት ይሄዳል። ትርፍ ቢኖር ትርፉን እናጥፋለን። የለም። ስለዚህ የሚታጠፈው ራሱ ምስሉ ነው።

ከታች በቀኝ በኩል ስልክ ቁጥር አለ። የመጨረሻዋ ቁጥር 1 ናት። ቀጭን፣ ቆንጆ፣ ከጠርዙ አንድ ሴንቲ ብቻ የራቀች።

ደወልኩለት።

«ቁጥሩን 10 ሴንቲ ያህል ወደ ውስጥ አስገባልኝ።»

«አይሆንም። ላይ ካለው ሎጎ ጋር እኩል መስመር ላይ ነው።»

«ሎጎውንም አብረህ አስገባዋ።»

«እንዴ! ጠርዝ ላይ መድረሱ እኮ ነው ውበቱ።»

«ጠርዙ ይታጠፋል እያልኩህ ነው።»

«ትንሽ እጠፉታ።»

«ትንሽ ከታጠፈ ይቀደዳል።»

ዝም አለ። ያሰበ መስሎኝ ነበር።

«እህቴ፣ ዲዛይኑ የኔ ሥራ ነው፣ ኅትመቱ ያንቺ። ዲዛይኑን አትንኪብኝ።»

አልጨቀጨቅኩትም። ፕሩፍ፣ ከመታተሙ በፊት አይቶ የሚያጸድቀውን ናሙና፣ አዘጋጀሁ። የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ቀይ መስመር አሰመርኩ፣ 1ዋ ላይ ቀስት ተከልኩ፣ «ከዚህ ወዲያ ያለው ሁሉ ወደ ኋላ ይታጠፋል» ብዬ ጽፌ ላክሁለት። መልሱ በደቂቃ ውስጥ መጣ፦ «እንዳለ ይታተም።» ደስ አለኝ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል፣ እንደዚህ ያለች መልእክት እጅህ ከገባች በሰላም ትተኛለህ።

ታተመ። ከለሩ ሌላ ነው፣ ሲያምር! ፊኒሺንግ ላይ ያለው ልጅ የቀኙን ጠርዝ ከላይ እያጠፈ፣ እያጣበቀ ወረደ። ቁጥሩ ጋ ሲደርስ ማጣበቂያውን ይዞ ቀና አለ።

«ይቺ 1 ትግባ?»

«ትግባ።»

ሙቁ አየር አለፈባት። አፍንጫዋ ብቻ እንደ ነጥብ ውጭ ቀረ።

በማግሥቱ ባለቤትየው ራሳቸው መጡ፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው። ባነሩን መሬት ላይ ዘረጋንላቸው። ከላይ ጀምረው እያዩ፣ ራሳቸውን በእርካታ እየነቀነቁ ወደ ታች መጡ። ስልኩን ድምፅ አውጥተው ማንበብ ጀመሩ። ሰው የራሱን ስልክ በቃሉ ስለሚያውቀው፣ አፋቸው ከዓይናቸው ቀድሞ «አንድ» አለ። ከዚያ ዓይናቸው ደረሰ።

ጎንበስ ብለው የባነሩን ጥግ ገለበጡት። 1ዋ ከጀርባ ቁጭ ብላለች። ንጹሕ ናት፣ ምንም አልሆነችም።

«አለች እኮ!» አሉ፤ እንደጠፋ ነገር ሲገኝ ደስ ብሏቸው ማለት ይቻላል።

ለዲዛይነሩ ደወሉ። ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል። «ማሽናቸው ቆርጦት ይሆናል» አለ። ስልኬን አወጣሁ። ፕሩፉን ከነቀዩ መስመር፣ መልሱን ከነሰዓቱ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ቀስቱን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ስልኩን መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ይህን እያየሽ ነው ያተምሽው?»

«ፈቅዶልኝ ነው።»

«እሱስ ፈቀደ። አንቺ እያየሽ ወይ ነው የምልሽ።»

መልስ ነበረኝ፤ ያውም ጥሩ መልስ። የደንበኛ ፋይል አይነካም። ደንቡ እንዲሁ የወጣ አይደለም። በዚህ ሥራ የቆየ ሁሉ የፊደል ስሕተት አገኘሁ ብሎ አርሞ፣ ለካ የድርጅቱ ስም ራሱ እንደዚያ የሚጻፍ ሆኖ ባነሩን በኪሳራ ደግሞ ያተመ ሰው ያውቃል። ዛሬ ቁጥር አስጠጋህ፣ ነገ ሎጎ አሳነስክ፣ ከነገ ወዲያ «ማን ንካ አለህ» ትባላለህ። ይህ ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ባነሩ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ሰውየው ጥጉን ይዘው ቆመው፣ አንዱም አልወጣ አለኝ።

ሰውየው አልተከራከሩም። ከፍለው፣ አስጠቅልለው ሄዱ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። የሚጮህ ደንበኛ መልእክቱን ሲያሳዩት ጸጥ ይላል፤ ዝም ያለው ላይ መልእክቱ አይሠራም።

በኋላ በዚያ ሳልፍ ባነሩ ተሰቅሎ አየሁት። 1ዋን ከስቲከር ቆርጠው ለጥፈዋል። ከ9 ቀጥሎ ቦታ ስለሌለ ራሱ ላይ ነው የለጠፏት። 9 ፓወር 1፣ ልክ እንደ ሒሳብ። ሳቄ መጣ፤ ቀና ብሎ የሚያነብ ሰው ሳይ ግን ዋጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ማዘዣ ቅጻችን ላይ በትልቁ ጽፈናል፦ «ጽሑፍና ሎጎ ከጠርዝ 10 ሴንቲ ወደ ውስጥ ይሁን።» አንብቦት የሚመጣ የለም። ያ ዲዛይነርም ሥራ መላኩን አላቆመም። ፋይሉ አሁንም ንጹሕ ነው፣ ቁጥሩም አሁንም ጠርዝ ላይ ነው። እኔ ደግሞ መደወሉን ትቻለሁ። ዳራውን እንዳለ እተወውና ከላዩ ያለውን ጽሑፍና ሎጎ በሙሉ አንድ ላይ ይዤ ወደ 94 በመቶ አሳንሰዋለሁ። መሐል ላይ ሲቀመጥ በየጎኑ 10 ሴንቲ ያህል ይተርፋል፤ እጥፉም ቀለበቱም አይደርስበትም። መስመሩም አይዛነፍም፣ ሁሉም አብሮ ስለሚያንስ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ፕሩፍ አልልክም፣ አላስፈቅድም።

ባለፈው መልእክት ላከልኝ። ከኛ ጋር መሥራት የሚወደው ዲዛይኑን ስለማንነካበት እንደሆነ ጽፏል።

«እናመሰግናለን» ብዬ መለስኩለት።