ማታ ማታ የሚያንቀላፋው ዋይፋይ

ሦስት ሳምንት ሙሉ ተሰቃየሁ። ቀን ቀን ደህና የነበረው የቤታችን ኢንተርኔት ልክ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል ይሞታል። መቆራረጥ ቢሆን ደግ ነበር። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፣ የሞደሙ መብራት ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ ግን አንድ ገጽ እስኪከፈት ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ ይቀዳል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዝናቡን ነው። ጅማ ተቀምጦ ዝናብን የማይጠረጥር የለም። ቆጪ እኛ ሰፈር ያለው መስመር አሁንም የመዳብ ሽቦ ነው፣ በስልክ መስመር የሚመጣው ኤዲኤስኤል። አምና ክረምት ሽቦው የተቀጠለበት ቦታ ውሃ ገብቶበት ፍጥነቱ ወርዶ ወርዶ ቴሌግራም እንኳ አልከፍት ብሎን ነበር። እሱን ለማወቅ ግን ኮምፒውተር አያስፈልግም። የቤቱን ስልክ አንሱና አዳምጡ። ዶሮ ወጥ እንደሚቁላላ ዓይነት ድምፅ ካለው ችግሩ መስመሩ ላይ ነው፣ ሠራተኛ መጥራት ነው እንጂ እናንተ ቤት ውስጥ የምትነካኩት ነገር የለም። ዘንድሮ ሳነሳው ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ነፃ ወጣ።

ቀጥሎ ለቴሌ ደወልኩ። «ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት» አሉኝ። አጥፍቼ አበራሁት፣ ሠራ! ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን ተመልሶ ሞተ። በየማታው እንዲህ ሳጠፋ ሳበራ ከረምኩ፣ እማዬም «እንዲህ እየሞቀ ነው የሚያስቸግርህ» ብላ ሞደሙን ከሸፈነችበት ዳንቴል ገላገለችው። (ዳንቴሉ ዋይፋይ አያግድም። ግን ሙቀት ይይዛል፣ ስለዚህ መነሳቱን አልጠላሁም።)

ከዚያ የጎረቤታችንን ልጅ ጠረጠርኩ። ፓስወርዱን አንዴ ሰጥቼዋለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ አጥራችን ሥር ተቀምጦ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። ፓስወርዱን ቀየርኩት። ያን ቀን ማታ ኢንተርኔቱ በረረ። ሌባዬን ያዝኩ ብዬ ለእማዬ ሁሉ ነገርኩ። በማግስቱ እህቴ «አዲሱን ቁጥር ንገረኝ እንጂ» አለችኝና ነገርኳት፣ ማታውን ዳግም ሞተ። እዚህ ጋ መንቃት ነበረብኝ፣ አልነቃሁም።

በመጨረሻ መጀመሪያ ላይ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ዝግታው ከስልኬ እስከ ሞደሙ ነው ወይስ ከሞደሙ ወደ ውጭ? ብዙ ሰው በስልኩ ዋይፋይ ይለካና መስመሩን ይከሳል። የኛ ጓዳ በቆርቆሮ ነው የተከለለው፣ ዋይፋይ ደግሞ በብረት አያልፍም፣ እዚያ ቁጭ ብዬ ብለካ የሚወጣው ቁጥር የቆርቆሮው ነው። ላፕቶፑን በኬብል ሞደሙ ላይ ሰካሁና ትእዛዝ በሚጻፍባት ጥቁሯ መስኮት ሁለት ፒንግ ላክሁ፣ ፒንግ ማለት ደርሶ መልስ እስኪመጣ ስንት ጊዜ እንደፈጀ የሚለካ ትንሽ መልእክት ነው። አንዱን ወደ ራሱ ወደ ሞደሙ፣ የኛ 192.168.1.1 ነው፣ ሌላውን ወደ ጉግል 8.8.8.8። ሞደሙ በ1 ሚሊሴኮንድ መለሰ። ጉግል ግን ቀን ላይ በ90 አካባቢ ሲመልስ የነበረው 1,800፣ 2,100 እያለ ወጣ። ቤት ውስጥ ደህና ነን፣ መውጫው ላይ ነው የተዘጋው። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ቁጥሩን እያየሁ እህቴን «የስልክሽን ዋይፋይ አጥፊው» አልኳት። 95። አብሪው። ከደቂቃ በኋላ 1,700።

ነገሩ የሰርግ ቪዲዮ ነው። እህቴ የጓደኛዋ ሚዜ ነበረች። ስልኳ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ ወደ ጉግል እንዲጭን ተደርጓል፣ ዋይፋይ ሲያገኝ ብቻ። እሷ ከሥራ የምትገባው ስንት ሰዓት ነው? አንድ ሰዓት ተኩል።

«እኔ ፊልም አላይ፣ ምን አደረግሁ?» አለች፣ እውነቷን ነው፣ ምንም አላወረደችም። ኤዲኤስኤል ግን ወደ ቤት የሚመጣው መንገድ ሰፊ፣ የሚወጣው ጠባብ ነው። የኛ በሴኮንድ ሲገባ 4 ሜጋቢት፣ ሲወጣ ግማሽ ሜጋቢት ነው። 100 ሜጋባይት የሆነች አንዲት ቪዲዮ 800 ሜጋቢት ናት፣ በዚያ ጠባብ በር ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል። ቪዲዮው ደግሞ በመቶዎች ነው። ታዲያ እኔ ገጽ ስከፍት ምን አገናኘው? ከውጭ ለሚመጣልኝ ዳታ ኮምፒውተሬ «ደረሰኝ» ብሎ መመለስ አለበት፣ ደረሰኙን ካላየ ላኪው ቀጣዩን አይልክም። ቡና የጫነ አይሱዙ ጠባብ በር ላይ ተሰልፎ፣ ደረሰኝ የያዘው ልጅ ከኋላው ቆሞ ሲጠብቅ አስቡት። መጋዘኑ ሙሉ ነው፣ መንገዱም ባዶ ነው፣ ግን ደረሰኙ ስላልደረሰ ማንም አይጭንም። ሞደሙን ሳጠፋ ለምን እንደሚሻለው የገባኝም ያኔ ነው፤ የስልኳ ጭነት ይቋረጥና እስኪቀጥል ድረስ ፋታ አገኛለሁ። ፓስወርዱን የቀየርኩ ቀን የተባረረው ጎረቤቱ ሳይሆን የእህቴ ስልክ ነበር።

መፍትሔው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ጭነቱን ቀን ዘግታ ስትተኛ ብቻ እንድትከፍተው ተስማማን። የሞደማችሁ ገጽ ላይ ለአንድ ስልክ የመላኪያ ገደብ ማድረግ የሚቻል ከሆነ እሱ ይሻላል፣ የኛ አሮጌ ነው፣ የለውም። የእናንተም ማታ ማታ የሚሞት ከሆነ ማን ምን እያወረደ እንደሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት ማን ምን እየላከ እንደሆነ ጠይቁ። የደኅንነት ካሜራ፣ የኮምፒውተር ባክአፕ፣ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ የሚጭን ወንድም፣ ሁሉም ያው ነው።

ለጎረቤታችን ልጅ አዲሱን ፓስወርድ ይዤለት ሄድኩ። ለካ ማታ ማታ የሚያቀረቅረው ጌም ላይ ነው፣ ያውም ኢንተርኔት የማይፈልግ ጌም።

እህቴ ጠዋት ጠዋት ስንት እንደቀረ ትነግረኛለች። ዛሬ 212 ቪዲዮ ቀርቷል።