ቺንጋ የሚበላው ስኖውሞቢል

ኮሎራዶ ውስጥ ከዴንቨር አጠገብ አውሮራ ያሉ ወዳጆቼ ሥራዬን ሲጠይቁኝ «መካኒክ ነኝ» ስላቸው ይገባቸዋል፤ «የስኖውሞቢል መካኒክ» ስላቸው ይስቃሉ። ስኖውሞቢል ከፊት በስኪ (በመንሸራተቻ)፣ ከኋላ በሰፊ የጎማ ሰንሰለት የሚሄድ የበረዶ ሞተር ነው። ከዴንቨር ተነሥቶ የበርትሁድን ማለፊያ ተሻግሮ ወደምሠራበት ወደ ግራንድ ሌክ የሚወርድ ሰው ግን ነገሩ ይገለጥለታል። እዚያ በክረምት ልጅ አዋቂው የበረዶ ሞተር ላይ ነው። ከተማው 2,550 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ተቀምጧል፣ አዲስ አበባንም ይበልጣል። ስለዚህ አየሩ አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ብርዱና ከሰኞ እስከ ዓርብ አማርኛ የሚያናግረኝ ሰው ማጣት ነው።

በዚህ መካከል ነው አንድ ቀን ጋራዡ በር ላይ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» የሚል ድምፅ የሰማሁት። አውሮራ ተወልዶ ያደገ ወጣት ነው። በአንድ እጁ የራስ ቁሩን፣ በሌላው የተበጣጠሱ ቺንጋዎች የታጨቁበት ፌስታል ይዟል። ጉልበት የሚጨምር ተርቦ የተገጠመለት ያገለገለ ስኖውሞቢል ገዝቶ በወጣ ቁጥር ቺንጋ ይበጠስበታል። አንዱ ቺንጋ ደግሞ 200 ዶላር ገደማ ነው። «የዚህ ፋብሪካ ቺንጋ የማይረባ ነው፣ የተሻለ ንገረኝ» አለኝ። እንዲህ የሚለኝ ደንበኛ ብዙ ነው። እኔ ግን በዚህ ሥራ እስካሁን ያየሁት ቺንጋ አብዛኛው የሞተው በሌላ ነገር ጥፋት ነው።

ለማያውቀው ላስረዳ። ስኖውሞቢል እንደ መኪና የሚቀያየር ማርሽ የለውም። ሁለት ፑሊዎች አሉት፤ አንዱ ከሞተሩ ጋር፣ ሌላው የኋላውን የጎማ ሰንሰለት ከሚያዞረው ዘንግ ጋር የተያያዘ። ሞተሩ ሲፈጥን በፊተኛው ፑሊ ውስጥ ያሉ ክብደቶች ወደ ውጭ ይወረወሩና የፑሊውን ሁለት ፊቶች አጠጋግተው ቺንጋውን ይጨብጡታል። ኋለኛው ደግሞ በሞላ ኃይል ይይዘዋል። የሞተሩ ጉልበት በሙሉ፣ 165ም ይሁን 200 የፈረስ ጉልበት፣ የሚያልፈው በዚህ አንድ የጎማ ጥብጣብ ጎን ብቻ ነው። ጥርስ ከጥርስ የሚገጥምበት ነገር የለም፤ ሁሉም በመጨበጥ ነው። ጭበጣው ከላላ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ይግላል፣ ሲግል ጎኑ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል፤ ያብለጨለጨ ጎን ደግሞ ይበልጥ ይንሸራተታል። መጨረሻው ፍንዳታ ነው።

ተርቦ ነገሩን የሚያከብደው ከከፍታው ጋር ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሰው ጭኖ የወጣ አሮጌ ታክሲ ነድቶ የሚያውቅ ሰው ሞተር በከፍታ ላይ እንዴት ትንፋሽ እንደሚያጥረው ያውቃል። ተራ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ ሦስት በመቶ ያህል ያጣል፤ 3,000 ሜትር ላይ ሲደርስ ሲሶ የሚጠጋው ጠፍቷል። ይህ ለነጂው ኪሳራ ነው፤ ለቺንጋው ግን ማንም ያላሰበለት እረፍት ነበር። ተርቦው አየሩን ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ስለሚያስገባ ያ እረፍት ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሞዴል ስኪ ዱ፣ በ2022 ሞዴል ደግሞ ፖላሪስ ባለ ሁለት ምት ሞተራቸውን ከፋብሪካው ተርቦ ገጥመው ማውጣት ጀመሩ። እነዚያስ ፑሊያቸው ለጉልበታቸው ተለክቶ ነው የሚመጣው። የልጁ ግን አንዱ በኋላ በራሱ ጓሮ የገጠመው ተርቦ ነው፤ ጉልበቱ ጨምሯል፣ የፑሊው ክብደትና ሞላ ግን የድሮው ነው። ቺንጋውን የሚጨብጠው እጅ ደከመ ማለት ነው።

ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩት። የተበጠሰ ቺንጋ አንብቡኝ ይላል፤ ብዙ ሰው ግን ተናድዶ ይጥለዋል። አንደኛው በአንድ ቦታ ብቻ ወገቡ ቀጥኗል። ይህ ሰንሰለቱ ቆሞ ሳለ ሞተሩ ሲሮጥ ፑሊው አንዱን ቦታ እየፈተገ ያቃጠለው ነው። «በረዶ ውስጥ ሰጥመህ ነዳጅ ሰጥተህ ነበር?» ብለው ሳቀ። ሁለተኛው ሁለቱም ጎኑ ያብለጨልጫል፤ ያ መንሸራተት ነው። ሦስተኛውን ሳነሣ ዝም አልኩ፤ በአንድ በኩል ብቻ ክሩ ተተልትሏል። እንዲህ ያለው የሚመጣው ሁለቱ ፑሊዎች ትይዩ ካልሆኑ ነው።

ኮፋኖውን ከፍተን ሞተሩ የተቀመጠባቸውን የጎማ ትራሶች ስናይ አንደኛው ተሰንጥቋል። በዝግታ ሲነዳ ምንም አይታወቅም። ተርቦው ጉልበቱን በድንገት ሲያመጣ ግን ቺንጋው ሞተሩን ወደ ኋለኛው ፑሊ ይስበዋል፣ ሞተሩም ይጣመማል፤ ፑሊዎቹ ልክ በከባዱ ሰዓት ይዛነፋሉ። ቆሞ ሲለካ ትክክል፣ ሲነዳ ጠማማ። በአዲስ ትራሶች ቀየርናቸውና ሞተሩ እንዳይሳብ የሚደግፍ ዘንግ ጨመርንበት። ክብደቶቹንም ለጉልበቱ በሚመጥኑ ተካን። የክብደቱ ነገር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሲያንስ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ሲበዛ ደግሞ ሞተሩ ታፍኖ ጉልበቱን ከሚሰጥበት ዙር በታች ይወርዳል። ስለዚህ ለውጦ፣ ወጥቶ ነድቶ፣ የዙሩን መቁጠሪያ አይቶ፣ ተመልሶ እንደገና መለወጥ ነው።

የቀረው የልጁ ጠባይ ነበር፤ እሱን ደግሞ በመፍቻ አታስተካክለውም። አዲስ ቺንጋ ከካርቶኑ ወጥቶ በዚያው ዕለት ሙሉ ጉልበት አይሰጠውም። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ከፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ የተረፈ የሚያዳልጥ ነገር አለበትና። የፑሊዎቹ ፊትም በሻካራ የዕቃ መፈተጊያና በአልኮል ከጥቁሩ ብናኝ ይጸዳል። ከዚያ የመጀመሪያውን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ እያደረጉ በዝግታ መንዳት ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ለጥልቅ በረዶ ከሁለት መቶ ማይል በላይ ደርሶ መልስ መንገድ የመጣ ሰው በዝግታ ንዳ ሲባል ደስ አይለውም፤ አልፈርድበትም። መላው ቀላል ነው። መለዋወጫውን አስቀድሞ ቀላል መንገድ ላይ አሟሽቶ፣ ከዚያ አውልቆ ቦርሳ ውስጥ መያዝ። ተራራ ላይ ሲበጠስ የሚገባው ያን ጊዜ የተሟሸ ቺንጋ ይሆናል። ሲያዝም አለመታጠፍ አለበት፤ ሳምንታት ተጣጥፎ የከረመ ቺንጋ ቅርጹን ይይዛል። ሲመለስም ቺንጋው ላይ የተሣለው ቀስት መጀመሪያ በዞረበት አቅጣጫ ይሁን።

ጠዋት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሌሊቱን ሰንሰለቱ ከመሬት ጋር ይጣበቃል። ያን ጊዜ ነዳጅ ሰጥቶ ለማላቀቅ መሞከር ቺንጋ በእሳት እንደ መለብለብ ነው። የኋላውን አንሥቶ መጣል፣ ስኪዎቹን ግራና ቀኝ ማወዛወዝ፣ ሞተሩን ማሞቅ፣ ከዚያ በቀስታ መነሣት። በረዶ ውስጥ ሲሰጥሙም ያው ነው፤ ነዳጅ ከሚሰጠው አውራ ጣት ይልቅ አካፋ ይረክሳል።

ሙቀቱን ለማወቅ በርቀት የሚለካ ትንሽ ቴርሞሜትር በቂ ነው። ከከባድ ዳገት በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ የጎኑ ክዳን ሲከፈት ሁለቱም ፑሊ ይለካል፤ አንዱ ከሌላው እጅግ የጋለ እንደሆነ ችግሩ እዚያ ነው። ጥልቅ በረዶ ውስጥ ፍጥነቱ ጥቂት፣ ጉልበቱ ሙሉ ስለሆነ ንፋስ አይገባም፤ የአየር ማስገቢያውን ወንፊትም በረዶ ይደፍነዋል። እኔ ደንበኞቼን ለምሳ ሲቆሙ ክዳኑን ከፍተው ይተዉት እላለሁ። በጎን ክዳኑ ላይ ተጨማሪ የወንፊት መስኮት ማስገጠምም ለተርቦ የሚክስ ወጪ ነው፤ ዝናን ብቻ አይቶ ውድ ቺንጋ ከመግዛት ይሻላል። ቺንጋ ከፈነዳ ደግሞ ክሩና ቁርጥራጩ አንድ ሳይቀር ከዘንጎቹ ላይ ይለቀም፤ የተረፈ ክር የኩሽኔታ መከለያ ይበላል፣ አዲሱንም ቺንጋ ያበላሻል።

የልጁ እናት የእኔን ስልክ ከየት እንዳገኙት አላውቅም። ገና ሥራውን ሳንጨርስ ደውለው «ወንድምዓለም፣ ያንን ነገር እባክህ ሽጥልኝ» ብለውኝ ነበር። «ቺንጋው ብቻ ነው፣ ይስተካከላል» ብዬ አጽናናኋቸው። እሳቸው ግን የሚጨነቁት በበረዶ ናዳው ነው። እውነታቸውን ነው፤ በኮሎራዶ ተራሮች ናዳ የሚቀልዱበት ነገር አይደለም። ስለዚህ ልጁን የናዳ ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ እንዳይወጣ፣ ብቻውንም እንዳይሄድ፣ ናዳ ቢቀብረው ያለበትን የሚጠቁመውን የምልክት ማሠራጫ መሣሪያ ከደረቱ እንዳያወልቅ አስምዬዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያው አንድ ቺንጋ ላይ ነው፤ በየጊዜው ፎቶ አንሥቶ ጎኑን ያሳየኛል፣ ብናኙም ቀንሷል። እናቱ ግን ሰሞኑን እንደገና ደወሉ። ምስጋና መስሎኝ ነበር። «ድሮ ያ ነገር ሲበጠስበት ቅዳሜ ማታ ተመልሶ እሑድ ለቅዳሴ ይደርስልኝ ነበር። አሁን አንተ ከሠራህለት ወዲህ እስከ እሑድ ማታ ተራራ ላይ ነው፤ ምን አድርጌህ ነው?» አሉኝ።