«ፖምፓው ተቃጥሏል» ብዬ ደወልኩ

በሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ እነዋሪ አካባቢ የትራክተር ኦፕሬተር ሆኜ በሠራሁበት በመጀመሪያው ዓመት ነው። ወሩ ግንቦት። የሞረትና ጅሩን መሬት የሚያውቅ ሰው ግንቦት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ያ ጥቁር አፈር ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ ይሆናል። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የሰው እግር ይዞ አይለቅም፤ የትራክተሩን ነገርማ ተዉት። የምናርሰው በመሃል ባለችው አጭር ጊዜ ነው። ገበሬው ተራ ይዞ ይጠብቃል። አንድ ቀን መቆም ማለት የአምስት አባወራ ቁጣ ነው።

ትራክተሩ ባለ 4 ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር የተገጠመለት አሮጌ ማሴ ፈርጉሰን ነበር። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የናፍጣ ጌጁ ግን ከሞተ ቆይቷል። ባለቤቱ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት። ሲያስረክቡኝ «በእንጨት እየለካህ ሥራ» ብለውኝ ነበር። እኔ የምለካው ግን በጭንቅላቴ ነው። ማታ 20 ሊትር ጨምሬያለሁ፣ እስከ ምሳ ያደርሰኛል፤ በቃ። ስጨምር ታንከሩ ውስጥ ምን ያህል እንደነበረ አላየሁም። በዚያ ሰሞን ናፍጣ የሚገኘው በጄሪካን፣ እየተለመነ ነበር። ሰው ደግሞ የጎደለበትን ነገር አጎንብሶ ማየት አይወድም።

ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ሞተሩ ሳል ሳል አለው። ድምፁ ከፍ አለ፣ ወረደ፣ ከዚያ ጸጥ። እንደ ልማዴ ማጥፊያውን ሳብኩ፣ ቁልፉን ዘጋሁና ወረድኩ። ታንከሩ ባዶ ነው። «ይኼማ ቀላል ነው» አልኩ። ለመጠባበቂያ የያዝኳትን ጄሪካን ገለበጥኩና ቁልፉን አዞርኩ።

ክር… ክር… ክር… ምንም የለም።

ደገምኩት። ሠለስኩት። እልህ ያዘኝና ሞተሪኖው (ማስነሻው) እስኪግል ቁልፉን ይዤ ቆየሁ። ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ጅሩ በሰንጋ የሚኮራ አገር ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ከተገኘ አይታለፍም። አንድ አባት ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ትንሽ ተመለከቱኝና «የኛ በሬ እንኳ ናፍጣ አይጠይቅም» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ።

ባትሪው ሲያልቅ ነገሩን በእጅ ልሞክር አልኩ። ከሞተሩ ጎን ናፍጣ ከታንከር ስባ የምታመጣ ትንሽ ፖምፓ አለች። የእጅ ማንሻ አላት፤ ሲገፏት ናፍጣውን እየጎተተች ወደ ፊልትሮው፣ ማለትም ወደ ማጣሪያው፣ ትልካለች። ይህን ሲሠራ አይቻለሁ። ማንሻዋን ገፋኋት። የሞተ ሰው ጣት ይመስል ላላ ብላ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ የምትገፋው ነገር የለም። ያን ጊዜ ፈረድኩ። ስልኬን አወጣሁና ለባለቤቱ «ፖምፓው ተቃጥሏል» አልኳቸው።

የትኛው ፖምፓ እንደሆነ አልጠየቁኝም። እኔም ናፍጣውን በኃይል ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ትልቁንና ትንሹን ለይቼ አልነገርኳቸውም፤ እውነቱን ለመናገር በወቅቱ ለኔም ብዙ አልተለየልኝም ነበር። ትንሽ ዝም አሉና «ንቀለው፣ አዲስ አበባ ይሂድ። እኔ ዋጋ ላጠያይቅ» አሉ።

መፍቻ ይዤ ትልቁን ፖምፓ ልነቅል ስጎነበስ ነው እህል ሊጭን የመጣ አይሱዙ የደረሰው። ከጎን ወንበር ላይ ጡረታ የወጡ የናፍጣ መካኒክ ተቀምጠዋል። ሾፌሩ «እንጎትትልህ፣ በማርሽ ይነሳል» አለ። ሽማግሌው ወረዱና መጀመሪያ እሱን ተቆጡ። «በደረቅ ፖምፓ አይጎተትም! ናፍጣው እኮ ነዳጅ ብቻ አይደለም፣ ለፖምፓው ቅባቱም ነው።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ናፍጣ አልቆበት ነው የቆመው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እስኪያልቅበት ድረስ ይሠራ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ፖምፓው በምን ተቃጠለ?»

መልስ አልነበረኝም። መፍቻውን ከእጄ ወሰዱ።

«ናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም» አሉኝ። ፒስተኑ አየሩን ጨምቆ ያግለዋል፤ ናፍጣው ኖዝል ከሚባለው መርጫ ተረጭቶ በዚያ ግለት ይነዳል። ኖዝሉ እንዲከፈት ደግሞ ፖምፓው ከ150 ባር በላይ በሆነ ግፊት መግፋት አለበት። ቱቦው ሙሉ ናፍጣ ከሆነ ይገፋል፤ ናፍጣ አይጨመቅም። ታንከሩ ሲያልቅ ግን በናፍጣው ቦታ አየር ይገባል። አየር ይጨመቃል። ፖምፓው ይገፋል፣ አየሩ ይኮማተራል፣ ኖዝሉ አይከፈትም። «በገለባ ጆንያ ምስማር ምታ ብልህ ትመታለህ?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ከሰማሁት የናፍጣ ሞተር ማብራሪያ ሁሉ ይህን የሚበልጥ አላገኘሁም።

ማንሻዋ ላላ ማለቷን ነገርኳቸው። ፈገግ አሉ። ሞተሩ ፊት ሄደው ቺንጋ የሚያዞረው ፑሌጃ ዳዶ ላይ ትልቅ መፍቻ አስገቡና ሞተሩን በእጅ ትንሽ አዞሩት። «አሁን ግፋ።» ገፋሁ። ማንሻዋ ጠንክራለች! ያቺን ትንሽ ፖምፓ የሚገፋት ካምሻፍቱ፣ ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ባለ ጉብታ ዘንግ ነው። ሞተሩ ሲቆም የካሙ ጉብታ ፖምፓዋን ገፍቶ ይዟት ከቀረ፣ ማንሻዋ የምትሠራው ሥራ አይኖራትም። ትንሽ ሲዞር ትለቀቃለች። አዲስ አበባ ልንልከው የነበረው ብልሽት ይኼ ነው።

ከዚያ በኋላ ከታንከሩ ጀምረን ናፍጣውን ተከትለን ሄድን። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን የዝቃጭ ማጠራቀሚያ ሲፈቱ ቡና አተላ የመሰለ ጭቃና ውሃ ወረደ። ታንከር ሲያልቅ ከታች የተኛውን ሁሉ ስቦ ያመጣዋል። አጥበው መለሷት። ቀጥለው ፊልትሮው አናት ላይ ያለውን ብሎን አላሉና እኔ ማንሻዋን እገፋለሁ። መጀመሪያ ፍስስ አለ፣ ቀጥሎ እንደ ጠላ አረፋ ደፈቀ። «አታቁም፣ አታቁም!» አረፋው ጠፍቶ ጥሩ ናፍጣ ሲወርድ፣ እየወረደ እያለ ብሎኑን አጠበቁት። ገፍተህ ካቆምክ በኋላ ብትዘጋ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ትልቁ ፖምፓ ላይ ባሉት ሁለት ትንንሽ ብሎኖችም እንዲሁ። አንዷ ብሎን የመዳብ ሮንዴላዋ (ማሸጊያ ቀለበቷ) ተሰንጥቆ ነበር፤ ከኪሳቸው ሌላ አውጥተው ቀየሩት። እኒህ ሰው ሮንዴላ በኪሳቸው የሚዞሩት ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ባትሪ ከአይሱዙው ተዋስን። ኖዝሎቹ ላይ ያሉትን የቱቦ ዳዶዎች ግማሽ ዙር አላሉ። «እጅህን አርቅ። ይኼ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።» ቁልፉን አዞርኩ፤ ከ10 ሰከንድ በላይ እንዳልይዝ አስጠንቅቀውኛል። ከዳዶዎቹ ምንም አልወጣም። አረፍን። ደገምን። ምንም። ሰዎቹ ደግሞ መሳቅ ጀመሩ።

ሽማግሌው ኖዝሉን ትተው ወደ መሪው መጡ። ጎንበስ ብለው ተመለከቱ።

«ማጥፊያውን ማን ነው የሳበው?»

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሳብኩት እንደተሳበ ነው። ናፍጣው ከፖምፓው እንዳያልፍ በገዛ እጄ ዘግቼ፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ባትሪ ጨርሻለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እዚያ አገር ደግሞ መሬቱ ስንጥቅ አያጣም።

ማጥፊያውን መለስኩ። በሁለተኛው ሙከራ ዳዶዎቹ ዙሪያ አረፋ፣ ከዚያ ናፍጣ ብቅ ብቅ አለ። አንድ በአንድ አጠበቁ። ሁለቱን እንዳጠበቁ ሞተሩ መንተባተብ ጀመረ፣ ሦስተኛውን ሲያጠብቁ ነጭ ጭስ ተፋ፣ በአራተኛው ተነሳ። ዱላ ያጋደሙት አባት «እሰይ!» አሉ። የዚያን ቀን ተራው የሳቸው ነበር።

ወዲያው ስልኬ ጠራ። ባለቤቱ ናቸው። ዋጋ ሲያጠያይቁ ነው የቆዩት፤ ድምፃቸው ደክሟል።

«ነቀልከው?»

«አልነቀልኩም። ተነስቷል።»

«ተነስቷል? ምን ሆኖ ነው?»

«አየር።»

«ምን?»

«አየር ነበር ጋሼ። አየርና… ማጥፊያው ተስቦ።»

ረጅም ዝምታ ሆነ። ሞተሩ ከጀርባዬ ይጮኻል።

«እና እንጨቷ የት ሄደች?» አሉኝ።