የቅሬው ገንዘብ ያዥ እና የ500 ብሩ ሳንቲም

ለማስተርስ ጥናቴ ቦታ ስመርጥ ብዙ አላሰብኩም። ደሴ ላይ ሰው እንዴት ተባብሮ እንደሚኖር ማየት የፈለገ ቅሬ፣ ማለትም የወሎ እድር ዘንድ ነው የሚሄደው። መዋጮ አለ፣ ቅጣት አለ፣ ካዝና አለ፣ መተዳደሪያ ደንብ አለ። የባህሪ ኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች፣ ሰው ስለ ገንዘብ እንዴት እንደሚወስን የሚያጠኑት፣ ላብራቶሪ ውስጥ ለመሥራት የሚለፉበት ነገር እዚህ ሰፈር ውስጥ በወር አንዴ ይሰበሰባል።

የጀመርኩት በታወቀው የመዋጮ ጨዋታ ነው። ኢኮኖሚስቶቹ ኤርነስት ፌር እና ሲሞን ጌክተር በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የተጠቀሙበት ዓይነት። አራት ሰው ይቀመጣል፣ ለእያንዳንዱ 20 ፍሬ ይሰጠዋል። የፈለገውን ያህል ለጋራ ያዋጣል፣ የቀረውን ይይዛል። የተዋጣው በ1.6 ይባዛና ለአራቱም እኩል ይከፈላል። ሁሉም ሙሉውን ካዋጣ ለእያንዳንዱ 32 ይደርሰዋል። ሦስቱ አዋጥተው አንዱ ከቆጠበ ግን እሱ 44 ይዞ ይወጣል፣ ሌሎቹ 24። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ይሄን ሁሉ ያስረዳሁት በባቄላ ነው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እየቆጠርኩ። አንዲት እናት ጨዋታው ሳይጀመር ሁለት ፍሬ ኪሳቸው ከተው «ይሄ ለዘር ይሆናል» አሉኝ። ባቄላው ግን ሠራ፤ ጥያቄ ስጠይቃቸው ሒሳቡን ከእኔ ቀድመው ይመልሱ ነበር።

ትልቁ ሥራ ሰውን ስንት እንዳዋጣ ማንም እንደማያይበት ማሳመን ነው። ካርቶን ከልዬ፣ ፖስታ አዘጋጅቼ እንኳ እኚያው እናት «አንተ ግን ታያለህ አይደል፣ ልጄ?» አሉኝ። ስለዚህ ቆጠራውን ማንንም ለማያውቅ ሰው ሰጠሁት። ክፍያውም ለየብቻ፣ በተዘጋ ፖስታ ሆነ። ሰው የሚያውቀው ሰው እያየው ሲያዋጣ የምትለካው ትብብርን ሳይሆን ይሉኝታን ነው።

ቀጥሎ ቅጣት ጨመርኩ። በላብራቶሪ በተለመደው አንድ ሕግ አንድ ፍሬ ከራስህ ከፍለህ ከቆጠበው ሰው ላይ ሦስት ታስቀንሳለህ። ኮምቦልቻ ወርጄ፣ እርስ በርስ ብዙም ከማይተዋወቁ የፋብሪካ ሠራተኞች ጋር ስጫወተው መጽሐፉ እንደሚለው ሄደልኝ። ቅጣት ከሌለ መዋጮው እየቀነሰ ይመጣል፣ ቅጣት ሲገባ ያገግማል። ደሴ ላይ ግን ከቅሬው ሰዎች ብዙዎቹ ቅጣቱን አንነካም አሉ። «እኔ ምን አገባኝ? ቅጣት የሰብሳቢው ነው» አለኝ አንዱ። ልክ ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመችበት ሥራም የሚያሳየው ይሄንኑ ነው፦ ውሃና ደናቸውን ለዘመናት አብረው የጠበቁ ማኅበረሰቦች የሚታወቅ ተቆጣጣሪ፣ እያደር የሚጠነክር ቅጣትና ሁሉም የሚያውቀው ደንብ አላቸው። ስለዚህ አንድ ሰው መርጠው እሱ ብቻ የሚቀጣበትን ዙር ጨመርኩ። ያኔ ጨዋታው ነፍስ ዘራ።

እኔን ግን እስካሁን የያዘኝ ሰው በገንዘብ ምን ያህል እንደሚደፍር የሚለካው ክፍል ነው። ምርጫው ሁለት ነው፦ ቁርጥ 500 ብር ወይም ሳንቲም። ዘውድ ከወጣ 1,200፣ ጎፈር ከወጣ 400። አማካዩ 800 ስለሆነ ሳንቲሙ ያዋጣል። ሁሉንም በግል ጠየቅሁ፣ በዕጣ የወጣለት በምርጫው ይከፈለዋል። ገንዘብ ያዡ ሀጂ ሳይውሉ ሳያድሩ ሳንቲሙን መረጡ። ነጋዴ ናቸው፣ ሰኞ ገበያ ያደጉ ሰው።

ከዚያ ያንኑ ምርጫ ለኮሚቴው አቀረብኩት፤ ገንዘቡ ለቅሬው ካዝና የሚገባ። ሀጂ ወዲያው «ቁርጡን» አሉ።

«ሀጂ፣ ቅድም እኮ ሳንቲሙን መርጠው ነበር?»

«ያ የራሴ ነው። ይሄ የሰው ነው። ቢከስር የምጠየቀው እኔ፤ ቢያተርፍ ማን ‹እሰይ› ይለኛል?»

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካነማንና ትቨርስኪ በ1979 እ.ኤ.አ. ኪሳራ ከትርፍ በላይ እንደሚከብድ ጽፈዋል። በ1992 ደግሞ ክብደቱን 2.25 እጥፍ ገደማ አድርገው ገምተውታል። የሀጂ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ለራሳቸው ገንዘብ ደፋር ናቸው። የፈሩት ጎፈሩን ሳይሆን ከጎፈሩ በኋላ የሚመጣውን ስብሰባ ነው። እኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ኃላፊው ፈሪ ነው» የምንለው ብዙ ጊዜ ይሄ ይመስለኛል። ሰውየው ማታ ቤቱ ሄዶ ኮንዶሚኒየም ለመግዛት ብድር ሲፈራረም አይፈራም።

የቅሬው ጸሐፊ ነበር መላውን ያመጣው። «ቃለ ጉባኤ እንያዝበት፣ ሁላችንም እንፈርም» አለ። ተጻፈ፣ ተፈረመ። ሀጂም ፈረሙና «በሉ ወርውሩት» አሉ። ጎፈር ወጣ። ማንም አላጉረመረመም፤ ሀጂ የ400 ብር ደረሰኝ ቆርጠው ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲህ ጥናቱን ቀየርኩት። አሁን ኮሚቴዎቹን በዕጣ ለሁለት እከፍላለሁ። ግማሾቹ ከመወሰናቸው በፊት ቃለ ጉባኤ ይፈርማሉ፣ ግማሾቹ በቃል ብቻ ይወስናሉ። ብሩ ያው፣ ሳንቲሙ ያው። አማካሪዬ ፊርማው ራሱ ሰውን ጥንቁቅ ሊያደርገው ይችላል ብሎ ሦስተኛ ቡድን አስጨምሮኛል፦ አንድ ሰው ብቻ የሚፈርምበት።