ለአንድ ሸክም ጓሳ በጨለማ ያባረርኩት ልጅ

በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ በወሎ ደጋ ላይ የፓርክ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ሆኜ ሳገለግል፣ አንድ የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ሊነግረኝ ይገባ የነበረውን ነገር በሌላ ሰው አጥንት ተማርኩ፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። የፓርኩን ስም አልጠቅስም፤ በነገሩ ውስጥ ካሉት ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬም እዚያው ይሠራሉ፣ የተጎዳው ልጅም እዚያው መንደሩ ውስጥ ይኖራል። በቦረናና በሳይንት በኩል ወይም በላስታ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ጥበቃ ለሚሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ ግን የመሬቱ አቀማመጥ እንግዳ አይሆንባቸውም። ከላይ የጓሳ ሣርና ጅብራ የሚባለው ተክል የለበሰው ሜዳ አለ፤ ሜዳው ሲያልቅ ያለ ምንም ምልክት ገደል ይጀምራል፤ ከገደሉ ሥር ደግሞ መንደር አለ።

ስካውት የሆንኩበት መንገድ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ማስታወቂያ ወጣ፣ ተመዘገብኩ፣ የአካባቢው ተወላጅ መሆኔ ተመሰከረልኝ፣ አጭር ሥልጠና ወሰድኩ፣ የደንብ ልብስና ክላሽ ተረከብኩ። በሥልጠናው ላይ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ምን እንደሚከለክል፣ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ሳይዘገይ ለፖሊስ መተላለፍ እንዳለበት፣ ሕገ መንግሥቱም የተያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ እንደሚያዝ፣ ኤግዚቢትም እንዴት እንደሚመዘገብ ተምረናል። ይህ ሁሉ ጠቅሞኛል። ሰው ከገደል ቢወድቅ ምን እንደሚደረግ ግን አንድ ቀን ቀርቶ አንድ ሰዓት እንኳ አልተነገረንም። የምንጠብቀው መሬት ግማሹ ገደል መሆኑን እያወቁ ይህን መዝለላቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጓሳ ለማያውቀው ሰው ተራ ሣር ነው። ለደጋው ገበሬ ግን የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ ገሳ፣ በክፉ ቀንም የከብት መኖ ነው። ለቀይ ቀበሮ ደግሞ የምትመገባቸው አይጦችና ፍልፈሎች የሚኖሩበት ቤት ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር የለችም፤ ለአካለ መጠን የደረሱትም በአገሪቱ በሙሉ ከ500 እንደማይበልጡ ነው የሚገመተው። በወሎ ተራሮች ላይ የቀሩት ጥቂትና የተራራቁ በመሆናቸው፣ ከመንደር ውሾች የሚተላለፍ አንድ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ ብቻ ሊጨርሳቸው ይችላል። ስለዚህ ጓሳ ያለ ፈቃድ ሲታጨድ ዝም ብዬ ማየት አልችልም፤ ዛሬም አልችልም። በዚያ ዓመት ግን በልጉ ቀርቶ፣ ክረምቱም በኤል ኒኞ ምክንያት ተበላሽቶ፣ ደጋው ሳይቀር መኖ አጥቶ ነበር። የበሬው ጎድን የሚቆጠርበት ሰው በሌሊት ማጭድ ይዞ ወደ ሜዳው መውጣቱ የሚያስደንቅ ነገር አልነበረም።

በዚያ ምሽት ሦስት ሆነን ተረኛ ነበርን፤ እኔ፣ አንድ እኩያዬ፣ እንዲሁም በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጡን፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ስካውት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በአፋፉ በኩል ማጭድ ሣር ሲቆርጥ ሰማን። ውርጭ በጣለ ሌሊት ይህ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ጋሼ ክንዴን ያዙና «ተው ልጄ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ካወቅን ይበቃል፤ ነገ ከቤቱ እናገኘዋለን» አሉኝ። እኔ ግን ባትሪዬን አበራሁና «ቁም!» ብዬ ጮህኩ። ልጁ የታጨደውን ጥሎ ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት። ሠላሳ እርምጃ ያህል ሮጬ ይሆናል። የባትሪው ብርሃን ጀርባው ላይ ነበር፤ ወዲያው ብርሃኑ ጉም ብቻ ያዘ። የእሱን ጩኸት አልሰማሁም። የሰማሁት የሚንከባለል ድንጋይ ድምፅ ነው።

ለምን እንደሮጥኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። በየወሩ ግምገማ ላይ የምንጠየቀው ስንት ሰው እንደያዝን ነበር፤ ስንት ሰው መክረን እንደመለስን ግን የሚጠይቀን አልነበረም። በኅዳር ግምገማ ላይ የእኛ ቡድን ቁጥር ዝቅተኛ ነው ተብሎ በሰው ፊት ተወቅሼ ስለነበር ቂሙ በሆዴ ነበር። ይህ ግን ሰበብ አይሆነኝም፤ ጋሼም በዚያው ግምገማ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ አልሮጡም።

ልጁ የወደቀው ከአፋፉ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ በበቀለበት ጠባብ እርከን ላይ ነበር። ከእርከኑ በታች ገደሉ ይቀጥላል። በእጃችን ገመድ አልነበረንም። ልጁ የጓሳውን ሸክም ሊያስርበት ያመጣው መጫኛ ግን ከሣሩ አጠገብ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር፤ ባይወድቅ ኖሮ በኤግዚቢትነት የምይዘው ያንኑ መጫኛ ነበር። በቋጥኝ ዙሪያ አስረን በእሱ ወረድኩ። ልጁ ነፍሱን ያውቅ ነበር። ዕድሜው 18 ቢሆን ነው። የቀኝ ቅልጥሙ ተሰብሮ የአጥንቱ ጫፍ ቆዳውን ቀድዶ ወጥቶ ነበር፤ «አትምታኝ» አለኝ።

ከዚህ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያደረግኩት ነገር አብዛኛው ስህተት ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው አንድ በአንድ እጽፈዋለሁ። አንገቱንና ጀርባውን ሳልመረምር በብብቱ ይዤ ቀና አደረግኩት፤ አከርካሪው ተጎድቶ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቅጽበት ሽባ አደርገው ነበር። ስብራቱን ሳላስር በመጫኛው ጎትተን አወጣነው፤ የዚያን ጊዜ ጩኸቱ ታች መንደር ድረስ ተሰምቷል። ላይ ካደረስነው በኋላ በሁለት የአስታ እንጨት እግሩን አሰርኩት፤ ነገር ግን ማሰሪያው ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን መገጣጠሚያዎች አልያዘም፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከመጠን በላይ አጥብቄዋለሁ። ጋሼ ጫማውን አውልቀው ጣቶቹን በባትሪ ሲያዩ ጠቁረው ነበር፤ ሲነኩትም አልተሰማውም። ማሰሪያውን በልጁ ማጭድ ቆርጠው አላልተው አሰሩት። እግሩ ያን ሌሊት ሳይሞት የቀረው በእኔ ሳይሆን በእሳቸው ነው።

ብርዱን በተመለከተም እንዲሁ አላዋቂ ነበርኩ። ልብሱ በጤዛ ርሶ ስለነበር ይንቀጠቀጥ ነበርና እጁንና እግሩን እያሸሁ አሞቀው ጀመር። ይህ አይደረግም፤ በብርድ የተጎዳን ሰው ዳር አካሉን ማሸት ቀዝቃዛውን ደም ወደ ልብ ይመልሳል። እርጥቡን ልብስ አውልቆ፣ ከሥሩ ሣር ጎዝጉዞ ከመሬቱ ብርድ መለየት፣ ደረቱንና ብብቱን ማሞቅ ነው የሚገባው። ሊታጨድ የማይገባው ጓሳ ተከምሮ አጠገባችን ነበር፤ ልጁን መሬት ላይ አስተኝቼ ጓሳውን በኤግዚቢትነት ለይቼ አስቀምጬዋለሁ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አፍራለሁ። ትንሽ ቆይቶ መንቀጥቀጡ ሲቆም «ተሻለው» ብዬ ለባልደረባዬ ነገርኩት። መንቀጥቀጥ ማቆም ሰውነቱ መሸነፉን የሚያሳይ ምልክት እንደሆነ ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው።

ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥቼ መጀመሪያ የደወልኩት ለአለቃዬ ነበር፤ መመሪያው እንደዚያ ይላል። «ቦታውን አትልቀቅ፣ ፖሊስ እስኪመጣ ምንም ነገር አትንካ» አለኝ። ለአምቡላንስ ስደውል ደግሞ ስልኩን ያነሳው ሰው ልጁ ታካሚ ነው ወይስ ተጠርጣሪ ብሎ ጠየቀኝ፤ ተጠርጣሪ ከሆነ ያለ ፖሊስ እንደማይጫን፣ መኪናውም ለወላዶች ስለተመደበ የኃላፊ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ወላድ እናት ቅድሚያ ማግኘቷን አልቃወምም፤ ያን ሌሊት ግን መኪናው ቆሞ እንደነበር በኋላ አረጋግጫለሁ። ኃላፊው ስልክ አላነሳም። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ በዚያ ጉብታ ላይ ፈቃድ ስለምን ቆየሁ። ልጁን የሚያውቀው ሰው ሁሉ ከእግሬ ሥር ተኝቶ እያለ እኔ የምለምነው የማያውቁትን ሰዎች ነበር።

ጋሼ ማንንም ሳያስፈቅዱ ወደ መንደሩ ወርደው የቅሬውን (የመንደሩን ዕድር) ዳኛ ቀሰቀሱ። በወሎ ቅሬ ሰው ለመቅበር ብቻ የቆመ አይደለም፤ የታመመም በቃሬዛ የሚወሰደው በእሱ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሙስሊምም ክርስቲያንም ያሉበት ሃያ የሚሆን ወንድ ቃሬዛና ባና ይዞ ደረሰ። አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ልጁን በባና ጠቀለሉት፣ አራት አራት እየሆኑ ተፈራረቁ፣ አንድ ሽማግሌ ከራስጌው ሆነው «አብሽር፣ አብሽር» እያሉት ወረዱ። እኔ ክላሼን አንግቼ ከኋላ ተከተልኩ። ጎሕ ሲቀድ መንገድ ላይ ደረስን፤ አምቡላንስ አልነበረም። እህል የጫነ አይሱዙ አስቁመው እስከ ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ከዚያ ወደ ደሴ ሪፈር ተባለ። ቁስሉ ሳይታጠብ ረጅም ሰዓት በመቆየቱ አመርቅዞ ለወራት ተኛ። እግሩ ተርፏል፤ ነገር ግን አጥሮ ነው የገጠመው፣ ዛሬም በምርኩዝ ነው የሚሄደው።

በማግስቱ ሪፖርት ስጽፍ አለቃዬ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ተጠርጣሪው ለማምለጥ ሲሞክር ወድቆ ተጎድቷል» ብዬ እንድጽፍ ነገረኝ፤ እኔም ጻፍኩ። ከቃላቱ አንዱም ሐሰት አልነበረም፤ ገደሉን እያወቅሁ በጨለማ ያባረርኩት እኔ መሆኔ ግን ከወረቀቱ ላይ የለም። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ወረቀት የሚጸጽተኝ የለም። ከአርባ ቀን በኋላ ያደረግኩትን በሙሉ ጽፌ ለአቃቤ ሕግ በተጨማሪ ቃልነት ሰጠሁ። አለቃዬ ለአንድ ዓመት ያህል አላናገረኝም፤ በልጁ ላይ የተከፈተው መዝገብ ግን ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው ከመመሪያው በተለየ መንገድ ነው፤ አዲስ ለሚመጡትም ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። በጨለማ፣ በጉምና በአፋፍ አጠገብ ሣር አጫጅንም እንጨት ቆራጭንም አታባርሩ። የመንደራችንን ሰው በአካሄዱና በሳሉ እናውቀዋለን፤ በማግስቱ በሽማግሌ ፊት ቢጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ያምናል። መሣሪያ ይዞ እንስሳ የሚገድል አዳኝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቢሆንም በገደል ጫፍ ላይ እሱንም ቢሆን መንገዱን ዘግቶ መጠበቅ እንጂ መሯሯጥ አያስፈልግም። ሰው ከተጎዳ ደግሞ አስቀድሞ ቅሬው ይጠራ፤ ቢሮው ከዚያ በኋላ ይነገረው። ተጠርጣሪነቱ ሐኪም ካየው በኋላም አይጠፋም። ገመድ እንዲገዛልን ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቄ መልስ ስላጣሁ በደመወዜ ሠላሳ ሜትር ገመድ፣ ንጹሕ ጨርቅና የግንባር ባትሪ ገዝቻለሁ። ቅሬውም አንድ ቃሬዛ በጥበቃ ቤታችን እንዲቀመጥ ፈቅዶልናል።

በ2009 ዓ.ም. ከረመዳን በፊት ሽማግሌዎች ለዕርቅ ወደ ልጁ ቤት ወሰዱኝ። በመንገድ ላይ አንድ የሥራ ኃላፊ ደውሎ ጥፋተኝነት የሚመስል ነገር እንዳልናገር፣ ካሳ ሊያስጠይቅ እንደሚችል አስጠንቅቆኝ ነበር። እናቱ ቡና አፍልተው፣ ቄጠማ ጎዝጉዘው ጠበቁን። ልጁ ከምሰሶው ሥር እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር፤ ተነሥቶ ሊጨብጠኝ ሲሞክር ከለከልኩት። ዱዓ ከተደረገ በኋላ እናቱ የመጀመሪያውን ስኒ ሰጡኝና ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ በቀስታ፣ «ልጄ፣ ከኋላው ባትሮጥ ኖሮ ይወድቅ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። «አይወድቅም ነበር፣ እናቴ» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ጀበናውን አንሥተው ስኒዬን ሞሉልኝ።