ባዶውን መቃብር ተሳልሜ፦ የትንሣኤ መልእክት ለወዳጆቼ

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፤ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን።

በሩቅም በቅርብም ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። አምሳ አምስቱን ቀን ጾማችሁ፣ በስቅለት ሰግዳችሁ፣ የቻላችሁም አክፍላችሁ ለዛሬ በቅታችኋልና ጾሙንና ስግደቱን ፈጣሪ ይቀበልላችሁ። የዘንድሮውን መልእክቴን ከወትሮው ረዘም ያደረግሁት ኢየሩሳሌምን ተሳልሜ ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ነው፤ ይኸውም ክርስቲያን ሁሉ ሊያየው የሚናፍቀው፣ አዛውንቱ ጥሪቱን አሟጦ የሚሄድበት ያ ቅዱስ መቃብር ባዶ መሆኑ ነው።

ይህን ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። በማለዳ ሽቱ ይዘው የሄዱት ሴቶች «ተነሥቷል፤ በዚህ የለም» መባላቸውን በየዓመቱ እንሰማለን። ረጅም ሰልፍ ተሰልፎ፣ ተገፍቶና ገፍቶ እቦታው ሲደርሱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መቃብሩን የከለለው ትንሽ ሕንፃ ሁለት ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያው ክፍል መልአኩ ተቀምጦበት ነበር ከሚባለው ድንጋይ የቀረ ቁራጭ ይታያል፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ዝቅተኛውን በር ሲያልፉ ሦስት አራት ሰው ብቻ የሚይዝ ጠባብ ክፍል ያገኛሉ፤ በስተቀኝ በእብነ በረድ የተሸፈነ መደብ አለ፤ በላዩም መብራቶች ተንጠልጥለዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ተንበርክከው ሲሳለሙ ገና ቀና ሳይሉ ተራ አስከባሪው መነኩሴ «ውጡ፣ ውጡ» ይላል።

ለዚህ ባዶ መደብ የተከፈለውን ዋጋ ሳስብ ግን እደነቃለሁ። በላዩ የታነጸው ቤተ ክርስቲያን የተቀደሰው በ335 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ1009 በኸሊፋው አል ሐኪም ትእዛዝ ፈረሰ፤ እንደገና ተሠራ፤ በ1808 ደግሞ እሳት በላው። በ2016 እ.ኤ.አ. ለጥገና ሲባል እብነ በረዱ ሲነሣ ከሥሩ የተገኘው ከአለት የተፈለፈለ መደብ ነበር። ከዚያ በላይ የሚገኝ ነገር ቢኖርማ ይህን በዓል ባላከበርን ነበር።

ሰው ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ ዘመድና ጎረቤት የክርስትና ስሙን ጽፎ «እዚያ ስትደርሱ ስሜን ጥሩልኝ» ብሎ አደራ መስጠቱ የታወቀ ነው። ከእኔ ጋር የገቡት እናት ይህን የአደራ ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውት ነበር። ቋጠሮው ጠብቆ ጥቂት አስቸገራቸው፤ በመጨረሻ ሲፈታ ወረቀቱ በተለያየ ሰው እጅ ጽሑፍ እስከ ጠርዙ የተሞላ ነበር። እንዳነብላቸው ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ እብነ በረዱ ላይ ዘርግተው አኖሩትና «ጌታዬ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አንተ ታውቃቸዋለህ» ብለው ተሳልመው ወጡ። ውጭ ስንገናኝ «እማማ፣ ለራስዎስ ምን ለመኑ?» ብላቸው «ውይ፣ የራሴንማ ረሳሁት ልጄ!» ብለው ሳቁ።

ብዙ ተሳላሚ ከዚያ ክፍል ሲወጣ «ምንም አልተሰማኝም» ብሎ ሲያዝን ሰምቻለሁ፤ በእኔ አስተያየት ግን እንባ ያልመጣለት ሰው ምንም አልጎደለበትም። የእኚያ እናት ልመና የሚሰማውን ጌታ ሕያው አድርጎ የያዘ እንጂ ከቦታው ስሜት የሚጠብቅ አልነበረም።

ከዚያው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ በቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ጉልላት ዙሪያ፣ የእኛ መነኮሳት የሚኖሩበት ዴር ሱልጣን አለ። ዝቅ ያሉ ጠባብ የመነኮሳት ቤቶች ናቸው። ዋናው ሕንፃ በተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት መካከል የተከፋፈለ ነው፤ በ1852 እ.ኤ.አ. ነገሩ ሁሉ እንደነበረ ይቀጥል ከተባለ ወዲህ በመግቢያው በላይ ካለው መስኮት ሥር የቆመ አንድ መሰላል እንኳ በባለይዞታዎቹ ስምምነት ካልሆነ አይነሣም፤ የበሩም ቁልፍ በሙስሊም ቤተሰብ እጅ ነው። የክርስቶስን መቃብር ለመጠበቅ ክርስቲያኖች እርስ በርስ ያልተማመኑበት ታሪክ ያሳፍራል፤ በዴር ሱልጣን ይዞታ ላይ ከግብፅ ኮፕቶች ጋር ያለን ክርክርም ገና እልባት አላገኘም።

ሆኖም እኛ የደረሰን ያ ጣሪያ የራሱ ጸጋ አለው። በቀዳም ሥዑር ማታ አባቶቻችን ነጭ ለብሰው፣ ጧፍ አብርተው፣ ከበሮ እየመቱ ጉልላቱን ይዞራሉ፤ ሥርዓቱም የጌታን ሥጋ የመፈለግ ምሳሌ ነው። ፈልገው አያገኙትም፤ እልልታውም የሚቀልጠው ስላላገኙት ነው። ከእግራቸው በታች ያለውን ባዶ መደብ ላየ ሰው ከዚህ የተሻለ ስብከት የለም።

በዚህ ዓመት አባት ወይም እናት፣ ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ቀብራችሁ በዓሉ የከበደባችሁ ወዳጆቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ይህን ስጽፍ በዋናነት ያሰብኩት እናንተን ነው። የዚያ መቃብር ባዶነት ከማንም በላይ የሚመለከተው እናንተን ነውና። የክርስትና ስማችሁን የሰጣችሁኝም ሁሉ አደራችሁን አድርሻለሁ፤ መነኩሴው ቢያጣድፈኝም የቀረውን ጣሪያው ላይ ሆኜ ጨርሼዋለሁ። በሕመም አልጋ ላይ ያላችሁን ይማርልን፤ በስደትና በእስር ያላችሁን ለቤታችሁ ያብቃልን፤ ለአገራችንም ሰላሙን ያድልልን።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንላችሁ።